ክርክር፦ በባሕር ዳር ፓርክ ውስጥ በገዛ እግር ለመሄድ መክፈል ተገቢ ነው?

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፀደዩን የእግር ጉዞ ወደ ቺንኩዌ ቴሬ ለማድረግ ከተስማማን ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ መልእክት ሁሉ ስለ ትኬቱ ነው። ከምታደክሙኝ እዚሁ አደባባይ ላይ ተከራከሩበት።

አዲስ ለገባችሁ፦ ቺንኩዌ ቴሬ ማለት በሰሜን ጣሊያን፣ በሊጉሪያ ባሕር ጠርዝ፣ ገደል ላይ የተለጠፉ አምስት መንደሮች ናቸው፤ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ። በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ በ1999 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። መንደሮቹን የሚያያይዘው የባሕር ዳር የእግር መንገድ «ሰማያዊው መንገድ» ይባላል። ከሞንቴሮሶ እስከ ኮርኒሊያ ያለው ክፍል በካርድ ነው የሚኬደው። ካርዱ ከ7 ዩሮ ተኩል ይጀምርና ሰው በሚበዛበት ቀን ዋጋው ይጨምራል። ከሪዮማጆሬ ማናሮላ የምትወስደው አጭሯ «የፍቅር መንገድ» የራሷ ትኬትና የሰዓት ቀጠሮ አላት፤ እሷ 10 ዩሮ ነች። የአካባቢው ነዋሪ በነፃ ያልፋል።

እንግዲህ ጥያቄው ከላይ ያለው ነው። ስድብ የለም።

ሚሚ (ሚላኖ)፦
ተገቢ አይደለም። ሙዚየም ልግባ ካልኩ ልክፈል፤ መብራቱም ዘበኛውም ወጪ ነው። ይሄ ግን መንገድ ነው። ባቡር ሳይመጣ በፊት የመንደሩ ሰው በእግሩና በበቅሎው ሲመላለስ ያወጣው መንገድ! ያኔ ትኬት የቆረጠ የለም። ዛሬ ሁለት ልጆቼን ይዤ ከሚላኖ ልምጣ ብል መጀመሪያ የባቡር፣ ከዚያ በመንደሮቹ መካከል ለምትሄደው ለሌላዋ ባቡር፣ ከዚያ ደግሞ ለእግሬ። ልጆቹ ገና ጄላቶ ሳይሉ የሳምንቱ አስቤዛ አለቀ። ያለው ይራመድ፣ የሌለው በባቡር መስኮት ይይ ነው የተባልነው።

ጋሽ ታዬ (ቦሎኛ)፦
ሚሚዬ፣ እዚያ አካባቢ የወይን ለቀማ ሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። አንቺ መንገድ የምትዪው የካብ ራስ ነው። ተራራው ከአናቱ እስከ ባሕሩ በእርከን የተሸነሸነ ነው፤ እርከኑን ይዞ ያቆመው ደግሞ ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ነው። ሲክቡ ትልልቁን ድንጋይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው፣ ጀርባውን ወደ ተራራው ትንሽ ጋደል ያደርጉታል። ከኋላው ጠጠርና የድንጋይ ስብርባሪ ይሞሉበታል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ እንዲወጣ ነው። ጠጠሩ በአፈር ከተደፈነ ውኃው መውጫ ያጣል፣ ካቡ ሆዱን ይነፋል፣ አንድ ሌሊት ይናዳል። ሲናድም ብቻውን አይወርድም፤ ከሥሩ ያለውን ካብ ጠርጎ ነው።

ይህን የሚክቡት ወይን አልሚዎቹ ነበሩ። ልጆቻቸው አጠገቡ ባለችው የወደብ ከተማ በላ ስፔዚያ የመርከብ ግቢ ሥራ ሲያገኙ እርከኑን ትተው ወረዱ። በፊት ከሺህ ሄክታር በላይ ነበረ የሚባለው ወይን ዛሬ መቶ ገደማ ቀርቷል። የቀረው ሁሉ ቁጥቋጦና የፈረሰ ካብ ነው። ታዲያ በዚያ ላይ የሚረግጠው እንግዳ ካልከፈለ ማን ይክፈል?

ሚሚ (ሚላኖ)፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው። የኔ ጥያቄ ግን ገንዘቡ ካቡ ጋ ይደርሳል ወይ ነው።

ጋሽ ታዬ (ቦሎኛ)፦
ፓርኩ ለመንገዶቹ ጥገና ነው የማውለው ይላል። ሳንቲሙን ተከትዬ አልሄድኩም፣ ልጄ። ግን ጥቅምት 25 ቀን 2011 የሆነውን የረሳ ሰው እዚህ ውስጥ ካለ ላስታውሰው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወረደው ዝናብ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ቀበራቸው። የቬርናዛ ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች እስከ ፎቅ ድረስ ተሞሉ፤ ሰውም ሞተ። ከላይ የወረደው የተራራው አፈርና የካቡ ድንጋይ ነበር።

ሊሊ (ቶሪኖ)፦
እኔ ክፍያውን በመርህ አልቃወምም። ሰዉን ተሳስተው ነው የያዙት። በዓል ቀን ማናሮላ ጣቢያ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ከፕላትፎርሙ ወጥቶ ዋሻውን አልፎ መንደሩ ለመድረስ እንደ ጥምቀት ሰልፍ ነው የሚኬደው። ያ ሁሉ ሕዝብ ሊራመድ የመጣ አይደለም። ላ ስፔዚያ ወደብ ከቆመ ግዙፍ የመዝናኛ መርከብ ወርዶ፣ በባቡር መጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ በልቶ ተመልሶ የሚሄድ ነው። እሱ የእግር መንገዱን አይረግጥም፤ ስለዚህ ለመንገዱ ካርድ አይገዛም። የሚከፍለው ቦርሳውን አዝሎ፣ ውኃውን ይዞ፣ ዳገቱን የሚወጣው ነው። ማለትም መንደሩን ከሁሉም ያነሰ የሚያጨናንቀው ሰው።

ሰው ለመቀነስ ነው ካላችሁ መርከቡን ቀንሱ። ካብ ለመጠገን ነው ካላችሁ ፎቶ የሚነሣውንም አስከፍሉ።

ዮኒ (ጄኖቫ)፦
👏👏 ሊሊ ጨረሰችው።

ኢንጂነሩ (ፓዶቫ)፦
አልጨረሰችውም። ፎቶ የሚነሣው ሰው ጉልበቱ ቢሰበር ጣቢያው ላይ ነው፤ አምቡላንስ ይመጣል። የእግር መንገዱ ላይ የወደቀውን ግን በቃሬዛ ደረጃ ለደረጃ ማውረድ ወይም በሄሊኮፕተር ማንሣት ነው። በ2019 በነጠላ ጫማ መንገዱ ላይ የተገኘ ከ50 እስከ 2,500 ዩሮ ይቀጣል የተባለው ለቀልድ አልነበረም። ሰው በነጠላ ጫማ ገደል ይወጣ ስለነበረ ነው።

የፍቅር መንገዷንም ተመልከቱ። መስከረም 2012 ላይ ድንጋይ ተንዶ አራት አውስትራሊያውያን ቱሪስቶች ተጎዱ፤ ተዘጋች። የተከፈተችው በ2024 ክረምት ነው። ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም! ገደሉን በብረት መረብ መሸፈን፣ በረጅም ብሎን ከአለቱ ጋር ማሰር፣ ከላይ የድንጋይ መከላከያ መሥራት ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ፈጀ። መረብ ደግሞ አንዴ ተዘርግቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። የተጠራቀመው ድንጋይ ይራገፋል፣ የባሕር ጨው የበላው ብሎን ይቀየራል። 10 ዩሮ እኔን አይበዛብኝም።

ሚሚ (ሚላኖ)፦
20 ሚሊዮኑ ከማን ኪስ ወጣ? ከመንግሥት። መንግሥት ከማን ወሰደው? ደመወዜ ላይ በየወሩ ከሚቆረጠው። እኔ ለግንባታው ከፍያለሁ፣ አሁን በሩ ላይ ድጋሚ ልክፈል? ደግሞ ታሪኳ ራሱ ያስቃል። ያቺ መንገድ በ1920ዎቹ የባቡር ዋሻ ሲቆፈር ባሩዱን ከመንደር አርቆ ለማስቀመጥ የወጣች የሠራተኛ መተላለፊያ ነበረች። ፍቅረኞች ኋላ ላይ ነው የመጡት። የሠራተኛ መንገድ በቀጠሮና በትኬት ሆነ!

ደባርቄው (ሮማ)፦
እኔ ያደግሁት ስሜን ተራሮች ሥር ነው፤ ክፍያ አዲስ ነገር አይደለም ለእኔ። እንግዳ ደባርቅ ጽሕፈት ቤት ይከፍላል፣ ስካውት ይመደብለታል፣ በቅሎ ይከራያል። የውጭ አገር ሰው ከአገሬው የበለጠ ይከፍላል። ሰው አያጉረመርምም፤ ባለበቅሎው ተራውን ጠብቆ በገባው ብር ልጁን ያስተምራል። ስለዚህ በክፍያው እስማማለሁ።

የማልስማማበት ሌላ ነው። ስሜን በ1969 ፓርክ ሆነ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ውስጥ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ዋልያው ተረፈ፣ ሣሩ አገገመ ይባላል። ይሁን። ቺንኩዌ ቴሬ ግን ሰውዬው ተራራው ላይ እያረሰ ነው ፓርክ የሆነው፤ እርሻው ከሌለ ቅርሱም የለም። እዚያ ገበሬው ወጥቶ ተረፈ፣ እዚህ ገበሬው ሲወጣ ፈረሰ። ስለዚህ የምንከፍለው ብር ለፓርኩ መሥሪያ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ካብ ለሚክበው ገበሬ ቢሰጥ እኔ ሁለት እጥፍ እከፍላለሁ።

ሊሊ (ቶሪኖ)፦
ይሄ ነው ቁም ነገሩ። በሜትር ይታሰብ። ይህን ያህል ሜትር ካብ ጠገንክ፣ ይህን ያህል ዩሮ። ካርዱ ላይም ይጻፍ።

ኢንጂነሩ (ፓዶቫ)፦
በወረቀት ላይ ያምራል። ካብ የሚያውቅ ሰው ከየት ታመጫለሽ? ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ የመካብ ጥበብን ዩኔስኮ በ2018 ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝግቦታል፤ መመዝገቡ ብቻውን ግን ካቢ አያመጣም።

ደባርቄው (ሮማ)፦
ከኮንሶ እናምጣ 😄 እነሱ እርከናቸው በ2011 ሲመዘገብ ጥበቡ ገና እጃቸው ላይ ነበር፤ ዛሬም አለ።

ጋሽ ታዬ (ቦሎኛ)፦
ቀልዱ ልክ ነው። ወይን ቤቱ ያገኘኋቸው ሽማግሌ የሐረርጌን እርከን በስልኬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውጥተው ነበር ያዩት። «ይሄ ጠጠር አለው ከኋላው?» ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁም።

ዮኒ (ጄኖቫ)፦
ክርክሩ ይቀጥል፤ ግን ማንም ያልተናገረው ነገር አለ። ካርድ የሚጠየቀው ሁለት ክፍል ላይ ብቻ ነው። ፓርኩ ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የእግር መንገድ አለ፣ አብዛኛው በነፃ። ከኮርኒሊያ ማናሮላ የባሕር ዳሩ በናዳ ምክንያት ለብዙ ዓመት ተዘግቶ ስለነበር የሚራመድ ሰው በላይ በኩል፣ ከማናሮላ በላይ ባለችው መንደር በቮላስትራ ዞሮ ነው የሚሄደው። ዳገቱ ያስለፋል፣ አልዋሽም። ላይ ከወጣችሁ በኋላ ግን በወይኑ መካከል ነው የምትሄዱት። በአንድ በኩል ካቡ ትከሻችሁ ድረስ፣ በሌላ በኩል ቁልቁል ባሕር። ወይን የሚያመላልሰው ባለ አንድ ሐዲድ ጋሪ እግራችሁ ሥር ያልፋል፤ ሞተሩ እንደ ወፍጮ ይንኳኳል። በበዓል ቀን እንኳ ግፊያ የለም። ከሞንቴሮሶ ቬርናዛ ያለው መንገድ እኮ በአንዳንድ የበዓል ቀን መተላለፊያ ጠፍቶ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲኬድ ተደርጎ ያውቃል!

ሚሚ (ሚላኖ)፦
እንግዲህ ነፃው መንገድ ከተከፈለበት ይበልጣል ማለት ነው? ታዲያ ለምን ይሸጡታል?

ዮኒ (ጄኖቫ)፦
ሰው ሁሉ ባሕሩን ቅርብ ማየት ስለሚፈልግ ነዋ።

ሊሊ (ቶሪኖ)፦
ወይም ደግሞ ሆን ተብሎ ነው፤ በክፍያው ሰውን ወደ ላይ መግፋት። ያ ከሆነ ግን ነፃው መንገድ ነገ ይሞላል፣ ካቡም እዚያ ነው ያለው። ቀጥሎ የምንከፍለው ለቮላስትራ ይሆናል።

ጋሽ ታዬ (ቦሎኛ)፦
ሊሊ እውነት ብላለች፤ እዚያ መንገድ ላይ ካቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚበሉ ሰዎችን አይቻለሁ። የላይኛው ድንጋይ አንዴ ከተነቃነቀ ሥራው ከሥር ነው የሚጀመረው። የምትመጡ ልጆች ካብ ላይ እንዳትቀመጡ፤ መሬት ላይ ተቀመጡ።

አስተባባሪዋ፦
በቃ፣ ድምፅ እንስጥ። ሀ) በካርድ በባሕር ዳሩ፣ ለ) በነፃ በቮላስትራ። እስከ ዓርብ። ጫማችሁ ሶሉ የሚይዝ ይሁን፤ የነጠላ ጫማ ቅጣት የመጣበት ሰው ከቡድኑ ካዝና አይከፈልለትም።

ሚሚ (ሚላኖ)፦
ለ። በመርሁ ግን ንቅንቅ አልልም። የቡድን የባቡር ትኬት የሚቆርጠው ማነው? ልጆቼ ሁለት ናቸው፣ ትንሹ ዳገት ላይ ተሸከሙኝ ማለት ይወዳል፤ ኢንጂነሩ ትከሻው ሰፊ ነው መሰለኝ።