ፖርሽ 944፦ ሲሞቅ ድርግም ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ሪሌይ ነው ወይስ ሴንሰር?

ኮፈን_ክፈት

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው የ1987 ፖርሽ 944 ነው፤ 2.5 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ማንዋል። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲያድር በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ፣ በተለይ መንገድ ተዘግቶ ቆም ቆም ሲል፣ ድርግም ይላል። ማስነጠስ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ሞተሪኖው በደንብ ያዞረዋል፣ ግን አይነሳም። 20 ደቂቃ አካባቢ ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልነበረበት ይነሳል። እዚህ ቨርጂኒያ ሙቀቱ ከገባ ወዲህ ብሶበታል።

እስካሁን ካንዴላ፣ ቦቢና፣ የቤንዚን ፊልትሮና ባትሪ ተቀይረዋል። ዲናሞው 13.9 ቮልት ይሰጣል። አንድ ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ነው፣ ቀይረው» ብሎኛል። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ምን ልለካ? መልቲሜትር አለኝ።

ሽቦ_በሽቦ

ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተወው። በዚህ መኪና መጨረሻ ላይ የሚጠረጠረው እሱ ነው። መጀመሪያ የሚታዩት ዲኤምኢ ሪሌዩ (ለሞተሩ ኮምፒውተር ኃይል የሚያገናኘው ማብሪያ) እና ቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ባለጥርስ ዲስክ) አጠገብ ያሉት፣ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት ሁለት ሴንሰሮች ናቸው። ሁለቱም ሲሞቁ ይሞታሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይድናሉ፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚምታታበት።

ሪሌዩ (ቁጥሩ 944.615.227.01) በአንተ ሞዴል ኮፈን ስር ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ሪሌይ አለ ብለህ አስብ። አንደኛው ቁልፍ ሲከፈት ይይዝና በ87 እግር ለኮምፒውተሩና ለኢንጄክተሮቹ ኃይል ይሰጣል። ሁለተኛው በ87ቢ የቤንዚን ፖምፓውን ያንቀሳቅሳል፤ እሱን የሚይዘው ግን ኮምፒውተሩ ነው፣ ያውም ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ከሴንሰሩ ሲሰማ ብቻ። ስለዚህ «ፖምፓው አይሠራም» ማለት ፖምፓው ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ሴንሰሩ ዝም ካለም ፖምፓው ይቆማል።

የሪሌዩ በሽታ ውስጡ ያለው የሶልደር ብየዳ ነው። በዓመታት ሙቀትና ንዝረት የእግሮቹ ብየዳ ዙሪያውን እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሽፋኑን በቀጭን ካቻቢቴ ፈልቅቀህ የሰሌዳውን ጀርባ በማጉያ መነጽር እይ። እግሩን የከበበ ጥቁር ቀለበት ካየህ እሱ ነው። ድጋሚ በሶልደር መበየድ ይቻላል፣ ግን የውስጡ መገናኛም ስለሚቃጠል አዲስ መግዛት ይሻላል።

አሁን ያለ መልቲሜትር የሚደረግ ፈተና፦ ሞቆ እምቢ ሲልህ ሞተሪኖውን እያዞርክ የአርፒኤም ቀስቱን ተመልከት። ቀስቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ከዘለለ ኮምፒውተሩ የሴንሰሮቹን ምልክት እያገኘ ነው፣ ወደ ሪሌይና ቤንዚን ሂድ። ዜሮ ላይ ከተጋደመ ወደ ሴንሰሮቹ፣ ወይም ለኮምፒውተሩ ኃይል ወደሚያደርሰው መስመር ሂድ።

ሮንዴላ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ብልሽቱ ያለው በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ብቻ ነው። ቀዝቅዞ ደህና በሆነበት ሰዓት የምትለካው ቁጥር ሁሉ «ደህና ነው» ይልሃል። ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት መለኪያውን አስረህ ንዳ።

ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 5 ዋት አምፖል ውሰድ። አንዱን ከቤንዚን ፖምፓው ፊውዝ መውጫ ጎን፣ ሌላውን ከአንድ ኢንጄክተር ሶኬት ቋሚ ፖዘቲቭ ሽቦ (እሱ ከ87 ነው የሚመጣው) ውሰድና በረጅም ሽቦ ወደ ውስጥ አስገባቸው። ለየራሳቸው 1 አምፔር ፊውዝ አድርግላቸው። ሌላኛውን ጫፍ ከቦዲ ጋር እሰር፣ ሽቦዎቹንም ከጭስ ማውጫው አርቅ። አምፖሎቹን የሚያይልህ ሰው ጎንህ ይቀመጥ፤ አንተ መንገዱን እይ።

ሲጠፋ እንዲህ አንብበው፦ ሁለቱም አብረው ከጠፉ ዋናው መስመር ተቋርጧል፤ ሪሌዩ፣ ወደ ሪሌዩ የሚገባው ሽቦ፣ ወይም የቁልፉ ስዊች። የፖምፓው አምፖል ብቻውን *መጀመሪያ* ጠፍቶ ሞተሩ ከተከተለ የሪሌዩ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሞተሩ ቀድሞ ሞቶ አምፖሉ ከኋላ ከጠፋ ግን እሱ ምንም አይነግርህም፤ ሞተር ከቆመ ኮምፒውተሩ ራሱ ፖምፓውን ያቆመዋልና። ቅደም ተከተሉን ካላየህ ትሳሳታለህ።

ማርሽ ውስጥ እያለ ሲጠፋብህ ደግሞ ፍሪሲዮን ቶሎ አትርገጥ። ጎማው ሞተሩን እያዞረው ሳለ የአርፒኤም ቀስቱ ባንዴ ዜሮ ከወረደ ብልጭታው ተቋርጧል፣ ሴንሰሮቹን ጠርጥር። ቀስቱ ከሞተሩ ጋር ቀስ ብሎ ከወረደ ቤንዚን ነው የጠፋው።

ሁለት ነገር አትርሳ። ዳሽቦርድ ስር በ90ዎቹ የተገጠመ አላርም ካለ የቆረጣቸውን ሽቦዎች ተከትለህ ወደ ነበሩበት መልሳቸው፤ የእነዚያ ቅጥያዎች መጨረሻ ሁሌም ዝገት ነው። ከሞተሩ ጀርባ የሚታሰሩትን ቡናማ የግራውንድ ሽቦዎችም ፍታ፣ እስኪያበሩ ቦርሻቸው፣ መልሰህ እሰር። ከዚያ ሞተሪኖው እያዞረ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብሎክ ለካ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ግራውንዱ ደካማ ነው።

ጋራዥ_ሰፈር

በአቋራጭ ሪሌዩን ነቅለህ 30ን (ኃይል የሚገባበትን እግር)፣ 87ንና 87ቢን በሽቦ ብታገናኛቸው፣ ሞቆ እምቢ ባለበት ሰዓት ከተነሳ ነገሩ አለቀ፣ ሪሌዩ ነው። ወፍራም ሽቦ ተጠቀም፣ ፊውዝም አድርግለት።

ሽቦ_በሽቦ

ልክ ነህ፣ ግን ለፈተና ብቻ። እንደዚያ አስሮ መንዳት አይቻልም። ግጭት ቢደርስና ሞተሩ ቢቆም ፖምፓው ቤንዚን መግፋቱን አያቆምም፤ የተቀደደ ቱቦ ካለ እሳት ነው። ሽቦውን ካላወጣህ ሞተር ስታጠፋም ፖምፓው ይቀጥላል።

ኮፈን_ክፈት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሞቆ ሲጠፋ ሪሌዩን በሽቦ ተካሁት፤ ፖምፓው ሲሠራ ይሰማል፣ ሞተሩ ግን አልተነሳም። የኢንጄክተሩ አምፖል እንደበራ ነው። የአርፒኤም ቀስቱ አልተነቃነቀም። ከሞተሩ ጀርባ ያሉትን የሴንሰሮቹን ሁለት ሶኬቶች ነቅዬ እግር 1ና 2 መካከል ለካሁ፤ አንዱ 980 ኦም፣ ሌላው ክፍት መስመር። ሲቀዘቅዝ ያ ክፍቱ 1040 አነበበ።

ሮንዴላ

አገኘኸው። ደህናው ንባብ በ1ና 2 መካከል ከ600 እስከ 1600 ኦም ነው፤ ከ1 ወደ 3 እና ከ2 ወደ 3 ደግሞ ከ100 ኪሎ ኦም በላይ መሆን አለበት። ሽቦው ውስጥ ውስጡን ተቆርጧል፣ ሙቀት ሲለጥጠው ይለያያል። አንዱ ከሞተ ሌላውም እድሜው ያው ስለሆነ ሁለቱንም ቀይር፤ አንድ ዓይነት ሴንሰሮች ናቸው።

ከመንቀልህ በፊት ሶኬቶቹ ላይ ምልክት አድርግ። እርስ በርስ ይገጣጠማሉ፤ ካቀያየርካቸው ሞተሩ በጭራሽ አይነሳም። ሴንሰሩ መያዣው ውስጥ ስለሚነክስ ዝገት ፈቺ ነፍተህ አሳድረው። በፒንሳ ጎትተህ አትስበረው፤ ከተሰበረ መያዣውን ማውረድ ግድ ይሆናል።

ትልቁ ነገር ርቀቱ ነው፦ ከሴንሰሩ ጫፍ እስከ ቮላኖው 0.8 ሚሜ፣ ቢበዛ 0.3 ወዲህ ወይም ወዲያ። ፊለር ጌጅ እዚያ አይገባም። 0.8 ሚሜ ውፍረት ያላት ሮንዴላ በጠብታ ሙጫ ጫፉ ላይ ለጥፍ፣ የመያዣውን ቡሎኖች አላልተህ የቮላኖውን ጥርስ እስኪነካ ግፋው፣ ቡሎኖቹን አጥብቅ። ከዚያ ሴንሰሩን አውጥተህ ሮንዴላዋን አንሳና መልሰህ አስገባ። ሮንዴላዋን ረስተህ እንዳታስነሳ።

ሽቦዎቹን በቀድሞ ማቀፊያቸው መልስ፤ ከሞቃት ብረት ጋር ከተነካኩ አዲሱም ቶሎ ይሄዳል። የሶኬቱ ፕላስቲክ በእጅህ ላይ ከተፈረፈረ በሞተሩ በኩል ያለውንም ሶኬት ለውጠው። ስትጨርስ ሞተሪኖውን አዙርና ቀስቱ መዝለሉን እይ።