ያረጁ ኮምፒውተሮች አሉኝ፤ ቦይንክ ቢጫንባቸው ያዋጣል?

ኮፒ ቤት፦
ሰላም ጎንደሮች። ማራኪ ግቢ አካባቢ ኮፒ ቤት አለኝ። ከድሮ ኢንተርኔት ቤት የተረፉ ስምንት ዴስክቶፖች ጓዳ ውስጥ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ግማሾቹ ፔንቲየም ፎር፣ የቀሩት ኮር ቱ ዱኦ ናቸው። ለቁራሌው ልሰጣቸው አንጀቴ አልቻለም። ሥራ የፈታ ኮምፒውተር ለሳይንስ ስሌት የሚያውል ቦይንክ የሚባል ፕሮግራም እንዳለ ሰማሁና፣ ሁሉንም በኔትወርክ ስዊች አገናኝቼ እንደ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላሠራቸው አሰብኩ። መብራቱን ታውቁታላችሁ፣ ሄድ መጣ ነው። ይሆናል?

የአዘዞው፦
አንድ ትልቅ ኮምፒውተር የሚለውን እርሳው ወንድሜ። እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ሥራ ከሰርቨር ያወርዳል፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ማስላቱን ይቀጥላል፣ ሲጨርስ መልሶ ይልካል። ስዊቹ ኢንተርኔት ከማከፋፈል ሌላ ጥቅም የለውም። መብራት ሲሄድም ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች የደረሱበትን በየጊዜው ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጡ ከዜሮ አይጀምሩም። የሚያስቸግርህ ቀነ ገደቡ ነው፤ ፔንቲየም ፎር እየተንፏቀቀ፣ በዚያ ላይ መብራት እየጠበቀ ቀኑ ካለፈበት ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ አንተ ያቃጠልከው መብራት ይቀራል።

ፒያሳ፦
ቆጣሪውንስ አስበኸዋል? አንዱ 100 ዋት ቢበላ ስምንቱ 800 ናቸው፣ በአሥር ሰዓት 8 ኪሎ ዋት ሰዓት። አሁን የወጣ አንድ ደህና ላፕቶፕ የስምንቱን ሥራ ብቻውን ይሠራል፣ የሚበላው ደግሞ የአንዳቸውን ያህል እንኳ አይሆንም። ለጽድቅ ብለህ ሱቅህን እንዳትዘጋ!

ጤና ባለሙያ፦
ፒያሳ ልክ ናት፣ ግን ነገሩን አታጣጥሉት። በቦይንክ የሚሠራ ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ የሚባል የሳይንስ ፕሮጀክቶች ማሰባሰቢያ አለ፤ እዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የኮሎምቢያ ተመራማሪዎች የሌይሽማንያሲስ መድኃኒት ፍለጋ ጀምረው ነበር። ከዚሁ በሽታ አንዱ ዓይነት መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ የሚወርዱ ልጆቻችንን የሚይዘው ካላዛር ነው። ያ ፕሮጀክት አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የኔዘርላንዱ ደልፍት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የአፍሪካን ዝናብ የሚያሰላ አመጡ፣ እሱ ግን ፋይሉ ከባድ ነው፣ በፓኬጅ አይሞከርም። ከሌላ ዓለም የሚመጣ ምልክት ይፈልግ የነበረውን ሴቲ አት ሆምን ደግሞ አትፈልገው፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሥራ ማደል አቁሟል።

ኮፒ ቤት፦
እሺ ገብቶኛል። ፔንቲየሞቹ ይቅሩ። ከኮር ቱ ዱኦዎቹ ራም አሰባስቤ ሁለቱን ባጠናክርስ? ሱቁ ክፍት በሆነበት ሰዓት ብቻ ነው የማሠራቸው።

የአዘዞው፦
እሱ ያስኬዳል፣ የራሞቹ ዓይነት አንድ መሆኑን ብቻ እይ። 64 ቢት ሊነክስ ጫንባቸው፣ በ32 ቢት ብዙ ፕሮጀክት ሥራ አይሰጥህም። ቦይንክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ሲፒዩውን ግማሽ ላይ ገድበው። ከምንም በፊት ግን ፋኑን በብሩሽ አጽዳ፣ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላ እንዲህ በአቧራ ታፍኖ አይችለውም። ፓወር ሰፕላይ ቢጎድልህ እኔ ጋ ትርፍ አለ፣ መጥተህ ውሰድ።