ከትንንሽ ልጆችና ከእናቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለስኪ ወደ ኮሎራዶ ተራሮች፦ ምክራችሁን እሻለሁ

ጠያቂ (ከአውሮራ)

ጤና ይስጥልኝ። በአውሮራ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እንኖራለን፤ ትልቁ 7፣ ትንሿ 4 ዓመታቸው ነው። እዚህ ከመጣን 6 ዓመት ቢሞላንም በረዶ በሚጥልባቸው ወራት ከመስኮታችን ወደምናያቸው ተራሮች ወጥተን አናውቅም። ዘንድሮ ግን ትልቁ ልጄ የክፍል ጓደኞቹ ሰኞ ሰኞ የሚያወሩትን እየሰማ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለ ይጠይቀኛል። እናቴ በገና ሰሞን ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ እህቴም የ2 ዓመት ልጇን ይዛ ከዳላስ ልትመጣ ስላሰበች፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ረጅም የሳምንት መጨረሻ ሁላችንም አብረን ብንሄድ ብዬ ነበር። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። የትኛው ቦታ ይሻለናል? ልጆቹን እኛው እናስተምራቸው ወይስ አስተማሪ እንፈልግ? ስኪ የማይጫወቱት እናቴና ሕፃኑስ ቀኑን እንዴት ያሳልፋሉ?

የሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ ከቦታው በፊት ቀኑን እንዲያስቡበት እለምንዎታለሁ። ያሰቡት የሳምንት መጨረሻ በመላው አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ስለሆነ፣ ከዴንቨር ወደ ተራሮቹ የሚወስደው የአይ 70 አውራ ጎዳና በመኪና ይጨናነቃል፤ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ አራትና አምስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የልጆች ትምህርት ቦታም ቀድሞ ያልቃል። በዚያ ላይ ጥምቀት በዚያው ሰሞን ስለሚውል፣ እናትዎ ከተራን ከታቦቱ ርቀው ማሳለፍ ቅር ሊያሰኛቸው ይችላል። አንድ ሳምንት ገፋ አድርገው፣ ከተቻለም ሐሙስና ዓርብን ከትምህርት ቤት አስፈቅደው ቢሄዱ ዋጋውም ሰልፉም ይቀንሳል።

ለጀማሪ ልጆች ሦስት ቦታዎችን አስባለሁ። ላቭላንድ ከአይዘንሃወር ዋሻ በፊት ስለሚገኝ ቅርብ ነው፤ ላቭላንድ ቫሊ የተባለው ክፍሉም ለጀማሪዎች ብቻ የተለየ ነው። ይሁን እንጂ መነሻው 3,290 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከመሆኑም ሌላ በስፍራው ማደሪያ የለም። ኪስቶን ከዋሻው ማዶ ነው፤ በሪዞርቱ በኩል ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ ማደሪያ ለሚይዝ ቤተሰብ ዕድሜያቸው እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሊፍት (ወደ ተራራው የሚያወጣው ማጓጓዣ) ቲኬት በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ። ዊንተር ፓርክ የዴንቨር ከተማ በ1940 ለነዋሪዎቿ የከፈተችው ሲሆን፣ በበረዶው ወራት በተወሰኑ ቀናት በዴንቨር ካለው የዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ የሚነሳ ባቡር እስከ ስኪው ሥፍራ ያደርሳል።

ልጆቹን ራስዎ አያስተምሩ። የበኩር ልጄን እኔው ላስተምር ብዬ ግማሽ ቀን ሙሉ ስጮህበት ዋልኩ፤ እሱም ሲያለቅስ ዋለ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ስኪ የሚለውን ቃል መስማት አልፈለገም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሁለተኛዋን ለአስተማሪ ስሰጣት ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጀማሪዎችን ወደ ላይ በሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ብቻዋን እየወጣች ትወርድ ነበር። አብዛኞቹ ቦታዎች ከ3 ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ለ4 ዓመቷ ግን ግማሽ ቀን ይበቃታል።

ነርስ ነኝ (ከዴንቨር)

ስለ ከፍታው ልጨምር። የከፍታ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የኪስቶን መነሻ 2,830 ሜትር ገደማ ነው። እናትዎ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አዲስ አበባ በቅርቡ የመጡ ከሆነ፣ ከሁላችሁም ይልቅ የሚቀላቸው እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ዝቅ ባለ ቦታ ሳምንታት ሲቆዩ ያ ልምድ እየለቀቀ ይሄዳል። ግፊት ስላለባቸው ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ የዳላስ እንግዶች ናቸው፤ ከዝቅተኛ ቦታ ተነስተው በዚያው ቀን ተራራ ላይ ከሚያድሩ ቢያንስ አንድ ሌሊት እርስዎ ቤት ይደሩ። የ2 ዓመት ሕፃን ራሴን አመመኝ ብሎ አይነግራችሁም፤ ያለ ምክንያት ቢነጫነጭ፣ ምግብ ቢያስጠላው፣ ቢያስመልሰው ወይም እንቅልፍ ቢነሳው ሌላ ምክንያት ሳትፈልጉ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ውረዱ። በተለይ መተንፈስ ከከበደው ወይም ከደነዘዘ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ።

ፀሐዩንም አትናቁ። በረዶ ጨረሩን ስለሚያንጸባርቅ የቆዳችን መጥቆር አይበቃንም፤ የፀሐይ ቅባትና መነጽር ለሁሉም ያስፈልጋል።

የአራት ዓመት ልምድ ያላት እናት

ስለ ልብስ፦ ከውስጥ የጥጥ ልብስ አታልብሷቸው፤ ጥጥ ሲረጥብ ብርዱን ይዞ ይቀራል፤ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል። ለትንሿ ጣቶች ያልተለያዩበትን ጓንት ግዙላት፤ አንድ ትርፍ ጥንድም በቦርሳ ይኑር። ጫማውንና ስኪውን መከራየት እንጂ መግዛት አያስፈልግም፤ ሄልሜት ግን አይቅር። በመኪና ውስጥ ደግሞ ወፍራሙን ካፖርት አውልቃችሁ የልጅ ወንበሩን ቀበቶ እሰሩላቸው።

ኪስቶን ከሆነ ወጥ ቤት ያለው ኮንዶ ያዙ። ሽሮና እንጀራ ይዞ መሄድ ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ በዚያ ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስሩ ከለመዳችሁት ጊዜ በላይ ይፈጃል። እናትዎና ሕፃኑ በአቅራቢያው ወዳለችው የፍሪስኮ ከተማ ሄደው ትልልቆቹ ልጆች በጎማ ሲንሸራተቱ እያዩ ትኩስ ነገር ሊጠጡ ይችላሉ።

ልጄ አንድ ቀን «ይህ የእኛ ጨዋታ አይደለም» ሲለኝ፣ በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረውን የሮቤል ተክለማርያምን ፎቶግራፍ አሳየሁት። በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ያንን ፎቶ ለልጅዎ ቢያሳዩት ደስ ይለኛል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑን ከጥምቀት በኋላ አድርገነዋል። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ መኪናችን በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ነው፤ ይበቃናል ወይስ በባቡር ወደ ዊንተር ፓርክ እንሂድ?

የሦስት ልጆች አባት

ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ፣ የእርስዎ ዓይነት መኪና ለበረዶ የተፈቀደ፣ ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሊኖረው ወይም ሰንሰለት ሊይዝ ይገባል። በበረዶ መንዳት ካልለመዳችሁ ግን ለመጀመሪያው ጉዞ ባቡሩን እመርጥላችኋለሁ፤ እናትዎ በ1928 የተከፈተውን፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የሞፋት ዋሻ አቋርጠው በነጭ ሸለቆ ውስጥ ሲወጡ ከመስኮት ያያሉ፤ ልጆቹም ሲመለሱ እዚያው ይተኛሉ። ቲኬቱን ዛሬውኑ ይያዙ።