አስቸኳይ፦ የቀጋ ማርማላታዬ ጉሮሮ ይበላል!

የደሴዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ቶሎ መልሱልኝ፣ ድስቱ እሳት ላይ ነው። እናቴ ከኩታበር አንድ ፌስታል ሙሉ ቀጋ ልካልኝ ነበር። አጥቤ ቀቀልኩት፣ በጁስ መፍጫ ፈጨሁት፣ ስኳር ጨመርኩ። ቀለሙ አንጀት ያርሳል። ስቀምሰው ግን ምላሴንም ጉሮሮዬንም በላኝ። ትንሿ ልጄ ጣቷን ነክራ ልሳ እያለቀሰች ነው። ደግሞ አልረጋ ብሏል። ልድፋው? ማታ እንግዳ አለብኝ።

ቦሩ ሜዳ፦ ውስጡን አውጥተሻል?

አባ ቀልዱ፦ ቀጋም ጁስ ቤት ገባ! እኛ ከብት ስንጠብቅ በጥርስ ሰንጥቀን፣ ውስጡን በጥፍር ጠርገን፣ ልጣጩን ብቻ ነበር የምንበላው። የውስጡን ፀጉር ደግሞ የጓደኛ አንገት ውስጥ መጨመር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያክ ይውላል።

የደሴዋ፦ አላወጣሁም። ከነፍሬው ነው የፈጨሁት። እንደሚወጣ ማን ነገረኝ?

ወይዘሮ ሐይቅ፦ በወንፊት አጥልይው የኔ እህት፣ ይስተካከላል።

መምህሩ፦ እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ቀጋ በሳይንስ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። የጽጌረዳ ዘመድ ነው፤ በየመን ተራሮችም ይበቅላል። ቀዩ ሥጋማ ነገር ፍሬ ይመስላል እንጂ የአበባው መቀመጫ ያበጠው ነው። እውነተኛዎቹ ፍሬዎች ውስጥ ያሉት ጠጣሮቹ ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው ፀጉር ነው የሚያሳክከው። በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው፣ ሙቀት ግን ይቀንስበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ብርቱካን በመርከብ ሲቸግራቸው ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእነሱን አገር ቀጋ ሕዝቡን እያስለቀሙ ለሕፃናት ሽሮፕ...

አባ ቀልዱ፦ ጋሼ፣ ድስቱ እሳት ላይ ነው!

መምህሩ፦ እየመጣሁበት ነው እኮ። እነሱም ያጣሩት በጨርቅ ነበር፣ ሁለት ጊዜ።

ቦሩ ሜዳ፦ እሳቱን አጥፊ፣ አትድፊው። በመጀመሪያ ልጅቷን። አፏን በውሃ ታጉመጥምጥ፣ ዳቦ ወይ እንጀራ ስጫት፣ ፀጉሩን ይጠርግላታል። እጇንም አጥበሽ አይኗን እንዳታሽ ጠብቂያት። ከንፈሯ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበዳት ግን እዚህ ምንም አትጻፊ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አሁን ወደ ድስቱ። በጁስ መፍጫ ስለፈጨሽው ፀጉሩ ተቆራርጦ ደቋል። ወንፊት አይዘውም። ጥልፍና ቀለም የሌለው ንጹሕ ነጠላ ወይም ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ጨርቅ ቀቅለሽ ጭመቂው፣ ሁለት እጥፍ አድርገሽ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ወጥሪው። ማርማላታው ወፍራም ስለሆነ አይወርድም፤ ፈላ ያለ ውሃ ጨምረሽ አቅጥኚው። ከዚያ ራሱ ይንጠባጠብ። ቸኩለሽ እንዳትጨምቂው! ስትጨምቂ ፀጉሩ አብሮ ያልፋል። መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ የቡና ሲኒ ያህል መልሰሽ ከላይ ጨምሪው፣ ብዙ ፀጉር ይዞ የሚወርደው እሱ ነው። ጨርቁን በደንብ አጥበሽ፣ ወይም ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይዘሽ፣ አንድ ጊዜ ድገሚው።

የወገል ጤናው፦ እኔ ግን ከጅምሩ አልገባኝም። ቀጋን ለምን ማርማላታ ታደርጊዋለሽ? ጥሬውን የሚበላ ነገር ነው። ደግሞ እርግጠኛ ነሽ ቀጋ ነው? እህቴ ካለችበት መሥሪያ ቤት ግቢ የጽጌረዳ ፍሬ ለቅመው ቀጋ ነው ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። የግቢ አበባ መድኃኒት ይረጭበታል።

የደሴዋ፦ እናቴ ቀጋን አትስተውም! የገደል ጥግ ቁጥቋጦ ላይ የተለቀመ ነው። ልጅቷ ዝም ብላለች፣ አልሃምዱሊላህ። እያጠለልኩ ነው፤ ጠብ፣ ጠብ ነው የሚለው። እስከ ማታ ይደርሳል?

ወይዘሮ ሐይቅ፦ እኔ እኮ በወንፊት ብዬሻለሁ። የሻይ ማጥለያም ይሆናል።

ቦሩ ሜዳ፦ እትዬ፣ በሻይ ማጥለያ ያጠለለ ሰው ማታ ከእንግዳው ጋር አብሮ ነው የሚያስለው።

የደሴዋ፣ ይደርሳል። ግን ማርማላታ ይሆንልኛል ብለሽ አትጠብቂ፣ ውሃ ስለጨመርሽበት ሽሮፕ ነው የሚወጣው። መልሰሽ አፍይው፣ በመጨረሻ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሪ። ሲወፍር ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርገሽ እይው፤ ሳህኑን ስታዘነብይ በዝግታ ከሄደ በቃው። ቀይ ሻይ ላይ ማንኪያ ጣል ብታደርጊ እንግዳሽ ሌላ ይጠይቃል። ወደ ብርጭቆ ከማዞርሽ በፊት ግን በምላስሽ ጫፍ ቅመሺ፤ አሁንም ከበላሽ ለሦስተኛ ጊዜ አጥልይው።

ኮምቦልቻ፦ ድስቱ አልሙኒየም ከሆነ እንዳታሳድሪበት። ቀጋ ይኮመጥጣል፣ በዚያ ላይ ሎሚ አለበት። ብርጭቆ ጠርሙስ ተጠቀሚ፣ ጠርሙሱን ቀቅለሽ። ለሌላ ጊዜ ደግሞ እጅሽን ፌስታል አልብሰሽ ለሁለት ሰንጥቂው፣ በትንሽ ማንኪያ ጫፍ ውስጡን ዝቀሽ አውጪ፣ በደንብ እጠቢ፣ ከዚያ ቀቅይ። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ያኔ ልጣጩ ራሱ ይረጋልሻል። ጊዜ ከሌለሽ ሳትፈጪ እንዲሁ ቀቅለሽ በጨርቅ ማጥለል ነው። የጁስ መፍጫውን ጎማም ፈትተሽ እጠቢ፣ ፀጉሩ እዚያ ተሰግስጎ ነገ የአቮካዶ ጁስሽን ያበላሻል።

አባ ቀልዱ፦ ከጨርቁ የተረፈውን ፀጉር ለእኔ ላኪልኝ፣ አለቃዬ አለ።

የወገል ጤናው፦ ቀልዱን ተዉትና፣ ፍሬውን ሳትፈጪ የተረፈሽ ካለ አስቀምጪልኝ። ለአጥር እፈልገዋለሁ፣ ፍየል አስቸግሮኛል።

ኮምቦልቻ፦ ከፍሬ ለመብቀል ብዙ ይቆያል ወንድሜ። ከእናቷ ቅርንጫፍ አስቆርጥ። ጓንት ግን ይዘህ ሂድ፤ እሾሁ ወደ ታች የተቆለመመ ነው፣ ከያዘህ አይለቅህም።