የሰፈሩ የአረጋውያን ቀን ምሳ ይቅር ወይስ ይቀጥል?

እናት ከሳይታማ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው። እንደምታውቁት እዚህ ጃፓን ልክ በእንቁጣጣሻችን ማግሥት ሰሞን፣ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ሰኞ፣ የአረጋውያን ቀን፣ ኬይሮ ኖ ሂ ይከበራል። የሰፈራችን ማኅበር በዚያ ቀን 75 ዓመት የሞላቸውን ጎረቤቶች አዳራሽ ጠርቶ ምሳ ያበላል። ቤንቶ (በሣጥን የታሸገ ምሳ) ይታደላል፣ ቀይና ነጭ ማንጁ የሚባል ጣፋጭ ይቀርባል፣ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ይዘምራሉ። አሁን ግን «አቅም አነሰን፤ ይቅር ወይስ ይቀጥል?» የሚል ቅጽ በየቤቱ በትነዋል። መዋጮ ስለምንከፍል እኛም ድምፅ አለን።

እኔ ይቀጥል ባይ ነኝ። የልጆቼ አያቶች ሁሉም ደሴ ናቸው። መምህርቷ «ለአያቶቻችሁ ካርድ ሥሩ» ስትላቸው የእኔዎቹ በእጃቸው የሚሰጡት ሰው አልነበራቸውም። ምሳው ላይ ከእኛ በታች ለሚኖሩት ባልቴት ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ «ኦባቻን» (አያቴ) እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ እሳቸውም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር ላይ ይጠብቋቸዋል። ባለቤቴ ግን ይቅር ይላል። እሱም ይናገር።

አባት ከሳይታማ፦
ልጆቻችን ያገኙትን አልክድም። ግን ተረኛ ሆኜ ወንበር ስደረድር አብረውኝ ሲደረድሩ የነበሩት ሰው 78 ዓመታቸው ነው። ሊከበሩ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው ጠረጴዛ የሚሸከሙትም የሚወለውሉትም። ወጣቱ ዕረፍት ስለሆነ ከሰፈር ይወጣል። ይህን አክብሮት ነው ብዬ መፈረም ይከብደኛል።

ተማሪ ከሴንዳይ፦
እኔም ይቅር እላለሁ። መንግሥት በ1963 መቶ ዓመት ለሞላቸው የብር ጽዋ መስጠት ሲጀምር በአገሪቱ ሁሉ የነበሩት 153 ሰዎች ነበሩ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2025 መቶና ከዚያ በላይ የሆናቸው 99,763 ደርሰዋል። ጽዋውም ከ2016 ጀምሮ ብር ቅብ ሆኗል። በ2025 ከሕዝቡ ውስጥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው 29.4 በመቶ ነበር፤ ከ65 እስከ 69 ካሉትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሁንም ሥራ ላይ ናቸው። ጥቂት ሽማግሌ ለነበረበት ዘመን የተሠራ ሥርዓት ዛሬ ሰፈሩን ያደክማል። ብዙ ከተማና ወረዳ ስጦታውን ቀንሷል፣ የመነሻ ዕድሜውንም ከፍ አድርጓል። የእኛ ሰዎች ምን ይሁን ብለው ይከራከራሉ?

ጋሼ ከናጎያ፦
ልጄ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን የበዓሉን አነሳስ ዘለልከው። በ1947፣ ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሂዮጎ ውስጥ ኖማዳኒ በምትባል መንደር ካዶዋኪ ማሳኦ የሚባሉ የመንደሩ ሹም ናቸው የጀመሩት። 55 ዓመት የሞላውን ሁሉ ጠሩ። ሴፕቴምበር 15ን የመረጡት የእርሻ ሥራ ረገብ የሚልበትና አየሩም ደስ የሚልበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ድግስ ብቻም አልነበረም፤ የሽማግሌዎቹን ምክር ለመንደሩ ሥራ ለመጠቀም ነው የተጠሩት። በ1966 ብሔራዊ በዓል ሆነ፣ በ2003 ደግሞ ሦስት ቀን ተከታታይ ዕረፍት እንዲገኝ ወደ ሰኞ ተዛወረ። ልጆቹ ሰኞን ይዘው መሄድ የጀመሩት ያኔ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የተበላሸው ምሳው አይደለም፤ ሽማግሌውን ምንም ሳይጠይቁት አብልተው መሸኘታቸው ነው። ይህ ቅጽ ራሱ ለነሱ ደርሷል?

እናት ከሳይታማ፦
ጋሼ፣ ለየቤቱ ነው የተበተነው። ባልቴቷም ደርሷቸዋል፤ አንብቤላቸው ዝም አሉ።

ተንከባካቢ ከዮኮሃማ፦
ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ በአረጋውያን መኖሪያ ነው የምሠራው፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። አዳራሽ የሚመጣው መራመድ የሚችለው ነው። ፖሊስ እንዳወጣው በ2024 ብቻቸውን ሲኖሩ ቤታቸው ውስጥ ሞተው የተገኙት 76,020 ናቸው፤ ከነሱ 58,044ቱ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ማንጁ ምን ያደርግላቸዋል? ገንዘቡ ቤት ለቤት ለመጎብኘት ይዋል። እህቴ፣ ያንቺ ልጆች ባልቴቷን አግኝተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከአልጋ የማይነሳውን ግን ማን አገኘው?

አባት ከሳይታማ፦
የቤት ለቤት እንክብካቤ የመድኑ ሥራ አይደለም ወይ? ከ2000 ጀምሮ የእንክብካቤ መድን አለ፤ 40 ዓመት የሞላን የውጭ ዜጎችም እንከፍላለን።

ተንከባካቢ ከዮኮሃማ፦
መድኑ የሚመጣው ሲያመለክቱ ነው። ብቻውን የሚኖር፣ ማመልከት እንዳለበት የማያውቅ ወይም ያፈረ ሰው ከመዝገቡ ውጭ ነው።

እናት ከሳይታማ፦
እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ እህቴ! ባልቴቷን ያገኘናቸው አዳራሹ ውስጥ አይደለም። ጥሪውን በእጃችን ስናደርስ ነው በራቸውን ያንኳኳነው። ምሳው ከሌለ ዝርዝሩም አይኖርም፣ በር የሚያንኳኳም አይኖርም። በ2010 ቶኪዮ አዳቺ ወረዳ የሆነውን አስታውሱ። የከተማዋ አንጋፋ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ 111 ዓመት ይሆናቸዋል የተባሉ ሰው አስከሬናቸው ከመኝታ ክፍላቸው ተገኘ፤ ከሞቱ 30 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት አልፏቸው በቤተሰብ መዝገብ ላይ በሕይወት አሉ የተባሉ፣ አድራሻቸው ግን የማይታወቅ ከ230,000 በላይ ሰዎች ተቆጠሩ። ወረቀት ሰው አይጠብቅም። ዕድራችን አባሉን የሚያውቀው ስለሚያንኳኳ ነው።

ተማሪ ከሴንዳይ፦
ይህ አሳማኝ ነው። ግን ለማንኳኳት ድግስ ለምን ያስፈልጋል?

ጋሼ ከናጎያ፦
ባዶ እጅህን «ደህና ነዎት ወይ?» ብለህ ብትሄድ ጃፓናዊ ሽማግሌ «ዳይጆቡ» (ደህና ነኝ) ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ማስቸገር አይወድም። ጥሪ ይዘህ ስትሄድ ግን መልስ መስጠት ግዴታው ነው። ይህን ብዙ አይቻለሁ።

አባት ከሳይታማ፦
እንግዲያው ጥሪ የማድረሱን ሥራ እኔ እወስዳለሁ። ምሳውን በተመለከተ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ቤንቶው ወደየቤቱ ይሂድ፤ 78 ዓመት የሞላው ሰው ጠረጴዛ አይሸከም።

እናት ከሳይታማ፦
ልጆቹ የሚዘምሩበት ግማሽ ሰዓት ብቻ ይቆይልኝ እንጂ በቤንቶው እስማማለሁ። ቅጹ ላይ «ይቀጥል፤ ጥሪው በእጅ ይድረስ፤ መምጣት ላልቻለ ቤቱ ይሂድለት፤ ምን እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይጠየቁ» ብዬ እጽፋለሁ።

ተንከባካቢ ከዮኮሃማ፦
አንድ ነገር ጨምሪ። ደጋግመው አንኳኩተው የማይከፈት ቤት ካለ፣ በሰፈሩ ላሉት ሚንሴይ ኢን በዚያው ቀን ይደወል። ያለ ደመወዝ አረጋውያንን እየዞሩ የሚጎበኙት እነሱ ናቸው። የሚደውለው ማን እንደሆነም ቅጹ ላይ በስም ይጻፍ፤ «ማኅበሩ ይደውላል» ከተባለ ማንም አይደውልም።