የሽጉጥ ምላጭ ማቅለል በቴክሳስ፦ ሕግ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዳላስ ውስጥ ለሱቅ ጥበቃ የምይዘው ግሎክ 19 አለኝ፤ ነዋሪነቴ በግሪን ካርድ ነው። ምላጩ ከፋብሪካ ሲወጣ ለመሳብ 5 ፓውንድ ተኩል ገደማ ይፈልጋል፤ ኮኔክተሩን (የምላጩን ክብደት የሚወስነውን ትንሽ ብረት) እና ስፕሪንጉን ቀይሮ ወደ 3 ተኩል ማውረድ ይቻላል። የመምቻውን ስፕሪንግ ግን አልነካውም፤ ከላላ ጥይቱ ሳይፈነዳ ሊቀር ይችላል። በአንድ ስበት አንድ ጥይት ብቻ እስከተኮሰ ድረስ የፌደራል ሕግ ይህን አይከለክልም። (ሽጉጡን በአንድ ስበት ተከታታይ ጥይት እንዲተኩስ የሚያደርገውን፣ እስከ 10 ዓመት የሚያሳስረውን "ስዊች" አይደለም የምጠይቀው፤ እባካችሁ ወደዚያ አትውሰዱት።)

የጨነቀኝ ከተኩሱ በኋላ ያለው ነው። በቴክሳስ የወንጀል ሕግ ክፍል 9.05 መሠረት ራስን መከላከሉ ተገቢ ቢሆንም፣ በግዴለሽነት ሌላ ንጹሕ ሰው ከተጎዳ መከላከያው ለዚያ ጉዳት አያገለግልም። ታዲያ ዐቃቤ ሕግ የቀለለውን ምላጭ የግዴለሽነት ማስረጃ ሊያደርገው ይችላል? "ሳያስበው ባረቀበት" ቢልስ፣ ሆን ብዬ ራሴን ተከላከልኩ የሚለው ክርክር አይፈርስም? ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ በጦር መሣሪያ ወንጀል መቀጣት ከአገር ሊያስባርር ይችላል።

ሰደፍ መግጠሙን ትቼዋለሁ፤ ሰደፍ ያለው ሽጉጥ በሕግ እንደ ጠመንጃ ስለሚቆጠርና አፈሙዙ ከ16 ኢንች ስለሚያጥር አስቀድሞ የጸደቀ ፎርም 1 (የፌደራል የፈቃድ ማመልከቻ) ይጠይቃል።

አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሠርቶት የምላጩን ክብደት በጽሑፍ ቢሰጠኝ ፍርድ ቤት ይጠቅመኛል ወይስ መቀየሬን ያረጋግጥብኛል? የወንጀሉንም የኢሚግሬሽኑንም ሕግ የያዘ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።