ኤቶአይ 0 ሲመልስ እውነተኛ 0 ይሁን ስህተት በምን ልለየው?

ጥያቄ
ሰላም ናችሁ፣ ከጅማ ነኝ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ። ለአንድ ቡና ተረካቢ በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው፣ የየቀኑን ኪሎ ከቴክስት ፋይል በኤፍጌትስ መስመር በመስመር ያነብና ደምሮ ለ17 አካፍሎ በፈረሱላ ያወጣል። የተጻፈውን ወደ ቁጥር የምቀይረው በኤቶአይ ነው፣ ችግሩ መስመሩ ባዶ ሲሆን ወይ መዝጋቢው "የለም" ብሎ ሲጽፍበት 0 ይመልሳል፣ ግን እውነተኛ 0ም አለ፣ ቡና ያልገባበት ቀን። "1,200" ደግሞ 1 ሆኖ ይገባል!! ገበሬው የሚከፈለው በዚህ ሂሳብ ስለሆነ ዝም ብሎ እንዲያልፍ አልፈልግም። ስህተት ሲሆን -1 የሚመልስ ፋንክሽን ልስራ ብዬ ነበር፣ ግን ለተመላሽ ቡና ኔጌቲቭ ይጻፋል። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1
ኤቶአይን ተወው ወንድሜ፣ ስህተት የሚናገርበት መንገድ ጭራሽ የለውም፣ ቁጥሩ ኢንት (የሙሉ ቁጥር ዓይነቱ) ከሚይዘው ካለፈ ደግሞ ምን እንደሚሆን ስታንዳርዱም አይነግርህም። ስትርቶል ተጠቀም፣ እሱም ጽሑፍን ወደ ቁጥር ይቀይራል። ሁለተኛው ቦታ ላይ የፖይንተር (የሜሞሪ ቦታ ጠቋሚ) አድራሻ ስጠው፣ ማንበብ ያቆመበትን ያሳይሃል፤ ከመነሻው ካልተነቃነቀ ቁጥር አላገኘም፣ "1,200" ላይ ኮማዋ ጋ ቆሞ ታገኘዋለህ። ሶስተኛው ላይ 10 በል፣ 0 ካልክ "010" ኦክታል (በ8 መሠረት የተጻፈ) ተብሎ 8 ይሆናል።

ጠያቂው
ተባረክ፣ ባዶውን ያዘው። ግን ፖይንተሩ ስትሪንጉ መጨረሻ ላይ መድረሱን ሳይ ትክክለኛውን 85 ራሱ ስህተት ይለኛል?

መልስ 2
ኤፍጌትስ ኒውላይኗን (የመስመር መጨረሻ ምልክቷን) አብሮ ስለሚያስቀምጥ ነው፣ ፖይንተሩ እሷ ላይ ቆሟል። ስትርቶል ከፊት ያለውን ስፔስ ራሱ ይዘላል የኋላውን ግን አይነካም፣ እሱን አንተ በኢዝስፔስ (ስፔስ መሆኑን በሚለየው ፋንክሽን) እየለየህ ዝለለውና ከዛ መጨረሻውን እይ። ደሞ ፋይልህ ውስጥ አማርኛ ስላለ ለኢዝስፔስ ስትሰጠው ወደ አንሳይንድ ቻር (ኔጌቲቭ ወደማይይዘው ዓይነት) ካስት አድርግ፣ የፊደሎቻችን ባይቶች በዩቲኤፍ 8 ሁሉም ከ127 በላይ ናቸው፣ ቻር ሳይንድ በሆነበት ማሽን ኔጌቲቭ ሆነው ይገባሉ።

መልስ 3
-1ን በተመለከተ፣ ውጤትና ስህተት በአንድ ሪተርን ቫልዩ አይላኩ። ፋንክሽንህ ተሳካ ወይ አልተሳካም ብቻ ይመልስ፣ ቁጥሩን በፖይንተር አውጣው፣ ካልተሳካ ያ ቦታ እንደነበረ ይቆይ። ስትርቶልን ከመጥራትህ በፊት ኤርኖን (የስህተት ቁጥር የሚቀመጥበትን) 0 አድርግ፣ ላይብረሪው በራሱ አያጸዳውም፣ ከቆየ ስህተት የተረፈ ሊሆን ይችላል። ከጠራህ በኋላ ኤርኖ ውስጥ ኢሬንጅ ካገኘህ ቁጥሩ ሎንግ (ስትርቶል የሚመልሰው የቁጥር ዓይነት) ከሚይዘው አልፏል። ሎንግ ማክስ (የሎንግ ትልቁ ቁጥር) ስለተመለሰ ብቻ አትጣለው፣ ሰውዬው ያንኑ ቁጥር ጽፎ ሊሆን ይችላል። ወደ ኢንት የምታስገባው ከሆነ ኢንት ሚንና ኢንት ማክስንም ቼክ አድርግ፣ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ሎንግ 8 ባይት ነው ዊንዶውስ ላይ 4። ስህተት ያለበት መስመር ሲመጣ ደግሞ የመስመሩን ቁጥር አሳይና ድምሩን አታውጣ፣ የጎደለ ድምር ለገበሬው ከሚደርስ ይዘግይ።

ጠያቂው
62.5 የሚልም አለ፣ ነጥቧ ላይ ይቆማልኣ?

መልስ 2
አዎ፣ ለእሱ ስትርቶድ (ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚያነበው) ነው፣ አያያዙ ያው ነው። ግን "ናን" (ቁጥር ያልሆነ) እና "ኢንፍ" (ወሰን የሌለው) በእንግሊዝኛ ከተጻፉ እንደ ቁጥር ስለሚቀበል በኢዝፋይናይት አጣራ።